የዓለም አቀፍ በረራ የትራፊክ መብት፦ ምንነቱ፣ የሚገኝበት መንገድና ለኢትዮጵያ ያለው ፋይዳ

አንድ አየር መንገድ ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር መንገደኛ፣ ጭነትና ፖስታ በክፍያ ለማጓጓዝ ብቁ አውሮፕላን፣ የሠለጠነ ባለሙያና በቂ ገበያ ያለው መሆኑ ብቻውን አይበቃውም። ከሁሉ አስቀድሞ የሚያልፍበትና የሚያርፍበት አገር መንግሥት ይህንኑ ሊፈቅድለት ይገባል። ይህ ፈቃድ በአቪዬሽን ሕግ የትራፊክ መብት ይባላል። መብቱን የሚደራደሩበትና የሚለዋወጡት መንግሥታት ናቸው፤ አየር መንገዱ መንግሥቱ ያስገኘለትን መብት ይጠቀማል።

ጉዳዩ ለመንገደኛው በግልጽ አይታይም። በአውሮፕላን ትኬት ላይ የመነሻና የመድረሻ ከተማ፣ ሰዓትና ዋጋ ይጻፋል እንጂ በረራውን የትኛው ስምምነት እንደፈቀደው አይጻፍም። ይሁንና “አየር መንገዳችን ወደዚያ ከተማ ለምን አይበርም?”፣ “ለምን በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ?”፣ “አውሮፕላኑ በመንገድ ላይ ካረፈ ለምን እዚያ መውረድ አይቻልም?” የሚሉት ጥያቄዎች መልሳቸው ከገበያው ሁኔታ በተጨማሪ ብዙ ጊዜ በዚህ መብት ውስጥ ይገኛል። ይህ ጽሑፍ መብቱ ከየት እንደመጣ፣ በምን በምን እንደሚከፈልና አገራችን በዚህ ረገድ ያለችበትን ሁኔታ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

የአየር ክልል ሉዓላዊነት

በባሕር ሕግ ማንኛውም መርከብ በዓለም አቀፍ ውኃ ላይ በነፃነት ይጓዛል፤ በሌላ አገር የባሕር ጠረፍ እንኳ ሰላም እስካላወከ ድረስ የማለፍ መብት አለው። በአየር ላይ ግን እንዲህ ያለ ልማድ አልተተከለም። እ.ኤ.አ. በ1919 በፓሪስ የተፈረመው ስምምነት የተቀበለውን መርሕ፣ ኅዳር 28 ቀን 1937 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 1944) በቺካጎ የተፈረመው የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት በአንቀጽ 1 አጽንቶታል። በዚህም መሠረት እያንዳንዱ አገር ከግዛቱ በላይ ባለው የአየር ክልል ላይ ሙሉና ብቸኛ ሉዓላዊነት አለው። የዚሁ ስምምነት አንቀጽ 6 ደግሞ መደበኛ የጊዜ ሰሌዳ ያለው ዓለም አቀፍ በረራ ያለ አገሩ ልዩ ፈቃድ በግዛቱ ላይ ሊያልፍም ሆነ ሊያርፍ እንደማይችል ይደነግጋል። የቻርተር በረራዎችን የሚመለከተው አንቀጽ 5 ላላ ያለ ነው፤ ሆኖም በተግባር አብዛኞቹ አገሮች ለእነርሱም ቅድሚያ ፈቃድ ይጠይቃሉ።

በቺካጎው ጉባኤ ላይ የተነሣው ትልቁ ክርክር ሰማዩ ለንግድ ምን ያህል ክፍት ይሁን የሚለው ነበር። ከጦርነቱ ብዙ የማጓጓዣ አውሮፕላኖች ይዛ የወጣችው አሜሪካ አየር መንገዶች በነፃ እንዲወዳደሩ ፈለገች። አውሮፕላን ያነሳት ብሪታንያ በበኩሏ የምልልሱንና የጭነቱን መጠን የሚመድብ ዓለም አቀፍ ባለሥልጣን እንዲቋቋም ጠየቀች። ስምምነት ላይ ሊደረስ ስላልቻለ ዋናው ሰነድ የንግድ መብቱን ጥያቄ ሳይመልስ ተፈረመ፤ ለፈለገ አገር ሁለት ተጓዳኝ ስምምነቶች ቀረቡለት። አንደኛው ያለ ማረፍ የማለፍንና ለነዳጅ የማረፍን መብት የሚሰጥ የመተላለፊያ ስምምነት ነው። ሁለተኛው ከእነዚህ በተጨማሪ ሦስት የንግድ መብቶችን የያዘ፣ “አምስቱ ነፃነቶች” እየተባለ የሚጠራው የትራንስፖርት ስምምነት ነው።

ኢትዮጵያ በጉባኤው ከተሳተፉት አገሮች አንዷ ነበረች፤ ሁለቱንም ተጓዳኝ ስምምነቶች ተቀብላለች። ይህ ሊጠቀስ የሚገባው የታሪክ ክፍል ነው። የትራንስፖርቱን ስምምነት ሐሳብ ያመነጨችው አሜሪካ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1946 ለመውጣት ማስታወቂያ ሰጥታለች፤ ዛሬ በዚሁ ሰነድ ውስጥ የቀሩት አባል አገሮች 11 ብቻ ሲሆኑ ኢትዮጵያ ከእነርሱ መካከል ትገኛለች። የአባላቱ ቁጥር ይህን ያህል አነስተኛ በመሆኑ ሰነዱ በዓለም ገበያ ላይ ያለው ተግባራዊ ዋጋ ዝቅተኛ ነው፤ አገሪቱ ከመነሻው የያዘችውን አቋም ግን ያሳያል።

ሁሉን አቀፍ ስምምነት ባለመገኘቱ አገሮች ሁለት ሁለት እየሆኑ መዋዋል ጀመሩ። አሜሪካና ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1946 በቤርሙዳ የተፈራረሙት ስምምነት ለብዙዎቹ አርአያ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ዓለም አቀፉ በረራ በእጅጉ የቆመው በእንዲህ ዓይነት የሁለትዮሽ የአየር አገልግሎት ስምምነቶች ላይ ነው።

የአየር ነፃነቶች

መብቶቹ በቁጥር ይጠራሉ። “ነፃነት” የሚለው ቃል አንባቢን ሊያሳስት ይችላል፤ እያንዳንዱ ነፃነት በድርድር የሚገኝና ሊታገድም የሚችል ፈቃድ ነውና።

አንደኛው ነፃነት በሌላ አገር ሰማይ ላይ ሳያርፉ ማለፍ ነው። በሰላም ጊዜ ማንም የማያስታውሰው መብት ቢሆንም ሲቋረጥ ዋጋው ይታወቃል። የመተላለፊያው ስምምነት ብዙ አባላት ቢኖሩትም ሰፊ የአየር ክልል ያላቸው እንደ ሩሲያ፣ ቻይና፣ ካናዳና ብራዚል ያሉት አገሮች አባል አይደሉም። ስለዚህ በእነርሱ ሰማይ ላይ ማለፍ በተናጠል የሚጠየቅ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የአውሮፓ ኅብረትና ሩሲያ የአየር ክልላቸውን አንዱ በሌላው አየር መንገድ ላይ በዘጉ ጊዜ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅ የነበረው የሄልሲንኪ–ቶኪዮ በረራ ወደ 13 ሰዓት ገደማ ረዘመ። እ.ኤ.አ. በጁን 2017 ሳዑዲ ዓረቢያ፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ ባሕሬንና ግብፅ ሰማያቸውን ለኳታር አውሮፕላኖች ሲዘጉ ደግሞ ክርክሩ ለዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ምክር ቤት ቀርቧል። ምክር ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጁላይ 2020 ያጸና ሲሆን፣ እገዳው በጃንዋሪ 2021 በፖለቲካ ስምምነት ተነሥቷል። በእኛም አካባቢ በአዲስ አበባና በአሥመራ መካከል ለሃያ ዓመታት ያህል ተቋርጦ የነበረው በረራ ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ሲቀጥል ቤተሰቦች በአውሮፕላኑ ውስጥና በአየር ማረፊያው እንዴት እንደተገናኙ አንባቢ ያስታውሳል። ይኸው በረራ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ዳግም ተቋርጧል።

ሁለተኛው ነፃነት ለነዳጅ ወይም ለጥገና ማረፍን ይፈቅዳል፤ መንገደኛ ማሳፈርንም ሆነ ማውረድን ግን አይፈቅድም። ወደ አሜሪካ የተጓዙ ኢትዮጵያውያን ይህን በአካል ያውቁታል። የቦሌ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኝ በመሆኑ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ ይዞ ለመነሣት ይቸገራል። በመሆኑም ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ በመንገድ ላይ፣ ለምሳሌ በደብሊን፣ ለነዳጅ ሲያርፍ የነበረ ሲሆን ሲመለስ ግን በቀጥታ አዲስ አበባ ይገባል። መንገደኛው “እዚህ ከቆምን ለምን አልወርድም?” ቢል ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ማረፊያው ለአውሮፕላኑ እንጂ ለትራፊክ አልተፈቀደም።

ሦስተኛውና አራተኛው ነፃነቶች ጥንድ ናቸው። ሦስተኛው ከገዛ አገር ወደ ሌላ አገር መንገደኛና ጭነት ማድረስ፣ አራተኛው ከዚያ አገር ወደ ገዛ አገር ማምጣት ነው። የማንኛውም የሁለትዮሽ ስምምነት መሠረት እነዚህ ናቸው።

አምስተኛው ነፃነት ድርድሩን የሚያከብደው ነው። አንድ አየር መንገድ ከአገሩ ተነሥቶ ወይም ወደ አገሩ በሚመለስበት መሥመር ላይ በሁለት የውጭ አገሮች መካከል መንገደኛ እንዲያጓጉዝ ያስችለዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ከአዲስ አበባ በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ በኩል ወደ ኒውዋርክ በረራ ከፍቷል። ከሎሜ ተሳፍሮ ኒውዋርክ የሚወርደው መንገደኛ ኢትዮጵያን ሳይረግጥ በኢትዮጵያ አውሮፕላን ይጓዛል። ይህ እንዲሆን የቶጎም የአሜሪካም መንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አንዱ ቢነፍግ ሌላው የሰጠው መብት በሥራ ላይ ሊውል አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረውና በኋላ የተቋረጠው የደብሊን–ሎስ አንጀለስ መሥመር፣ እንዲሁም ከሳኦ ፓውሎ ወደ ቦነስ አይረስ የሚቀጥለው በረራ በዚሁ መብት የተከፈቱ ናቸው።

አገሮች ይህን መብት ለመስጠት የሚያመነቱት ያለ ምክንያት አይደለም። በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው መንገደኛ በተለመደው አስተሳሰብ የሁለቱ አገሮች አየር መንገዶች ገበያ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ሦስተኛ ወገን ሲገባ “ገበያዬ ተወሰደ” የሚል ቅሬታ ይነሣል። ኤምሬትስ እ.ኤ.አ. በ2013 ከሚላን ወደ ኒውዮርክ መብረር ሲጀምር ጉዳዩ እስከ ጣሊያን ፍርድ ቤቶች ደርሶ፣ የሥር ፍርድ ቤት ፈቃዱን ቢሽረውም የበላዩ ምክር ቤት በረራው እንዲቀጥል ወስኗል። በሌላ በኩል አምስተኛው ነፃነት ለመንገደኛው አማራጭን ይጨምራል፤ አገሮቹ የራሳቸው አቅም ያለው አየር መንገድ ከሌላቸው ደግሞ የሚያጡት ገበያ የለም፣ የሚያገኙት ግንኙነት ነው። ቶጎ የመረጠችው ይህንኑ ነው።

በስምምነት ውስጥ የማይጻፈው ነፃነት

ስድስተኛው ነፃነት ከአንድ የውጭ አገር የተነሣን መንገደኛ በገዛ አገር አሳልፎ ወደ ሌላ የውጭ አገር ማድረስ ነው። ከጓንዡ ተነሥቶ አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን ቀይሮ ሌጎስ የሚገባ ነጋዴ የዚህ መብት ተጠቃሚ ነው። በሕግ ዓይን ግን የአራተኛውና የሦስተኛው ነፃነት ጥምረት ስለሆነ በብዙ ስምምነቶች ውስጥ በስሙ አይጠቀስም።

አዲስ አበባ የአፍሪካ የበረራ ማዕከል ልትሆን የቻለችው በዚህ ባልተጻፈ ነፃነት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተመሥርቶ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ባደረገ ጊዜ የአገር ውስጥ ገበያው እጅግ ጠባብ ነበር። ዛሬም ከአዲስ አበባ ወደ አንዲት የአፍሪካ ከተማ የሚሄዱት ኢትዮጵያውያን ብቻ ቢቆጠሩ የዕለት ተዕለት በረራን የማይሸከሙ መሥመሮች ጥቂት አይደሉም። በረራውን የሚሞላው ከእስያ፣ ከመካከለኛው ምሥራቅ፣ ከአውሮፓና ከአሜሪካ መጥቶ በቦሌ የሚሸጋገረው መንገደኛ ነው። አዲስ አበባ ላይ የሚነሣው ኢትዮጵያዊም ቢሆን ያን ያህል መዳረሻ የሚያገኘው ከእነርሱ ጋር ስለሚሳፈር ነው።

ስድስተኛውን ነፃነት በቀጥታ መከልከል አስቸጋሪ ነው፤ በተዘዋዋሪ መገደብ ግን ቀላል ነው። አንድ አገር “በሳምንት ሦስት ምልልስ፣ በተወሰነ የወንበር ቁጥር፣ ወደ አንድ ከተማ ብቻ” ካለ የመሸጋገሪያው ሰንሰለት ይበጠሳል፤ ማክሰኞ ከእስያ የመጣው መንገደኛ ቀጣዩን በረራ ለማግኘት እስከ ሐሙስ አይጠብቅምና። በመሆኑም የሸጋጋሪ አየር መንገድ አገር ከሁሉ በላይ የሚደራደረው በምልልስ ቁጥርና በመዳረሻ ከተሞች ላይ ነው። የኢትዮጵያ ጥቅም በሌሎች አገሮች ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ በግልጽ መነገር አለበት፤ ሌሎች እንዲከፍቱልን የምንጠይቀውን ያህል እኛም እንድንከፍት እንጠየቃለን።

ከስድስተኛው በላይ ያሉት ነፃነቶች እምብዛም አይሰጡም። ሰባተኛው ከገዛ አገር ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው በረራን በሁለት የውጭ አገሮች መካከል ማካሄድ ሲሆን፣ ስምንተኛውና ዘጠነኛው በሌላ አገር የውስጥ መሥመር ላይ መሥራትን ወይም ካቦታጅን ይመለከታሉ። የቺካጎው ስምምነት አንቀጽ 7 ካቦታጅን ለራስ ብቻ የማስቀረትን መብት ለእያንዳንዱ አገር አረጋግጧል። ይህ ገደብ በስፋት የተነሣው በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1997 ወዲህ የአንዱ አባል አገር አየር መንገድ በሌላው አባል አገር ውስጥ ከከተማ ወደ ከተማ መብረር ይችላል።

ለጭነት አገሮች ከመንገደኛ ይልቅ እጃቸው ይዘረጋል። ምክንያቱ ተፈጥሯዊ ነው፤ መንገደኛ ብዙ ጊዜ ወደተነሣበት ይመለሳል፣ ጭነት ግን አይመለስም። አበባ ይዞ ከአዲስ አበባ ቤልጂየም ሊዬዥ የሚገባው የጭነት አውሮፕላን ባዶውን እንዳይመለስ በሌላ መሥመር ሌላ ጭነት መፈለግ አለበት። ስለዚህ የመንገደኛ አምስተኛና ሰባተኛ ነፃነትን የሚነፍጉ ብዙ አገሮች ለጭነት ይፈቅዳሉ።

በሁለትዮሽ ስምምነት የሚወሰኑ ጉዳዮች

የስምምነቱ ዋና አካል ስለ ደኅንነት፣ ስለ ጥበቃ፣ ስለ ቀረጥና ስለ ክርክር አፈታት የሚደነግግ ሲሆን ከአገር አገር ብዙም አይለያይም። የድርድሩ ሙቀት ያለው በአባሪው ነው። በየትኞቹ ከተሞች መካከል፣ በስንት ምልልስና በምን ዓይነት አውሮፕላን እንደሚበረር፣ መካከለኛና ቀጣይ መዳረሻዎች የትኞቹ እንደሆኑ፣ አምስተኛው ነፃነት በየትኛው መሥመር ላይ እንደሚሠራ የሚወሰነው በዚያ ነው። የምልልሱ ቁጥር በቅድሚያ የሚወሰንበት፣ በኋላ የሚገመገምበት ወይም ለአየር መንገዶቹ ሙሉ በሙሉ የሚተውበት አሠራር አለ። የትኬት ዋጋን በተመለከተም የቀድሞ ስምምነቶች የሁለቱንም መንግሥታት ይሁንታ ይጠይቁ ነበር፤ የአሁኖቹ በአብዛኛው ዋጋውን ለገበያው ትተዋል። አንድ አየር መንገድ በሌላው በረራ ላይ በራሱ ቁጥር ትኬት የሚሸጥበት ኮድሼር፣ እንዲሁም በውጭ የተሸጠን የትኬት ገቢ በውጭ ምንዛሪ ወደ አገር የማስተላለፍ መብት በዚሁ ሰነድ ይካተታሉ። የመጨረሻው ነጥብ በወረቀት ላይ ተራ ቢመስልም በአፍሪካ አየር መንገዶች ዘንድ ከከባድ ራስ ምታቶች አንዱ ነው።

ከሁሉ የጠበቀው ግን የባለቤትነት አንቀጽ ነው። በተለመደው አጻጻፍ አንድ አገር የሚሰይመው አየር መንገድ አብላጫ ባለቤትነቱና ውጤታማ ቁጥጥሩ በዚያው አገር ወይም በዜጎቹ እጅ መሆን አለበት። አለበለዚያ ሌላኛው ወገን ፈቃዱን ሊነፍግ ይችላል። ባንክ ወይም የስልክ ኩባንያ በውጭ ባለሀብት ሊገዛ ይችላል፤ አየር መንገድ ግን ባለቤቱን ሲቀይር የትራፊክ መብቱን አብሮ ሊያጣ ይችላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በማላዊ አየር መንገድ 49 በመቶ፣ በዛምቢያ አየር መንገድ 45 በመቶ ድርሻ ይዞ ከግማሽ በታች የቆመበት አንዱ ምክንያት ከዚህ አንቀጽ ይገኛል። ድርጅቶቹ ማላዊያዊና ዛምቢያዊ ሆነው ሲቀሩ የአገራቸውን የትራፊክ መብት መጠቀም ይችላሉ። የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2002 በሰጠው ውሳኔ አባል አገሮች የየራሳቸውን ዜግነት ብቻ የሚጠይቁ አንቀጾች የኅብረቱን ሕግ እንደሚጥሱ በመወሰኑ፣ በዚያ አህጉር “የአገሩ አየር መንገድ” የሚለው “የኅብረቱ አየር መንገድ” በሚለው እየተተካ መጥቷል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። የትራፊክ መብት መኖር የማረፊያ ሰዓት መኖር ማለት አይደለም። እንደ ለንደን ሂትሮው ባሉ የተጨናነቁ አየር ማረፊያዎች የመነሻና የማረፊያ ሰዓት በራሱ ብርቅ ሀብት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ጥንድ የማረፊያ ሰዓት በ75 ሚሊዮን ዶላር መሸጡ ተዘግቧል።

ክፍት ሰማይና የአፍሪካ ገበያ

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1992 ከኔዘርላንድስ ጋር የፈረመችው ስምምነት “ክፍት ሰማይ” ለሚባለው አሠራር በር ከፍቷል። በዚህ ዓይነት ስምምነት የምልልስ ቁጥር፣ የመዳረሻ ከተማና የዋጋ ገደብ ይነሣል፤ አምስተኛውም ነፃነት ይፈቀዳል። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር ተመሳሳይ ስምምነት ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖረው ሰፊ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ የሚጠቀምበት በረራ እንደ ፍላጎቱ ሊጨምር የቻለው፣ ከላይ የተጠቀሰው የሎሜ–ኒውዋርክ መሥመርም በአሜሪካ በኩል መሠረት ያገኘው በዚህ ነው።

በአህጉራችን የተሄደበት መንገድ ረጅም ነው። የአፍሪካ የአቪዬሽን ሚኒስትሮች እ.ኤ.አ. በ1988 በአይቮሪኮስት ያሙሱክሮ ተሰብስበው መግለጫ አወጡ፤ በኖቬምበር 1999 ደግሞ በዚያው ከተማ አስገዳጅ ውሳኔ አሳለፉ። ውሳኔው እ.ኤ.አ. በኦገስት 2000 በሥራ ላይ ውሏል። አባል አገሮች ከአንደኛው እስከ አምስተኛው ያሉትን ነፃነቶች እርስ በርስ እንዲሰጣጡ፣ የምልልስና የመጠን ገደብ እንዲያነሡ፣ ዋጋን ለአየር መንገዶች እንዲተዉ ይደነግጋል። ከውሳኔው ጋር የሚቃረን የሁለትዮሽ ስምምነት ቢኖር የበላይነቱ የውሳኔው ነው። አንድ አገር የራሱ አየር መንገድ ባይኖረው የሌላ አባል አገርን አየር መንገድ ሊሰይም መቻሉም ከባለቤትነት አንቀጹ ማነቆ መውጫ ሆኖ ተቀምጧል።

እንዲህ ግልጽ ሆኖ የተጻፈ ሰነድ ለብዙ ዓመታት በአብዛኛው በወረቀት ላይ ቆይቷል። ከአንድ የአፍሪካ ከተማ ወደ ጎረቤት አገር ከተማ ለመሄድ በአውሮፓ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ዞሮ መምጣት ያጋጠመው መንገደኛ ውጤቱን ያውቀዋል። ችግሩን ለመፍታት የአፍሪካ ኅብረት ጥር 20 ቀን 2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 2018) በአዲስ አበባ የአፍሪካ ነጠላ የአየር ትራንስፖርት ገበያን በ23 አገሮች አስጀምሯል። ኢትዮጵያ ከጀማሪዎቹ አንዷ ስትሆን የአባላቱ ቁጥር ከዚያ ወዲህ ከ30 በላይ ሆኗል። አስፈጻሚው አካል መቀመጫው በዳካር የሆነው የአፍሪካ ሲቪል አቪዬሽን ኮሚሽን ነው፤ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 በፈቃደኛ አገሮች መካከል ውሳኔውን በተግባር የሚፈትሽ የሙከራ ፕሮጀክት ተጀምሯል።

አፈጻጸሙ የዘገየበት ምክንያት ፊርማ ማነስ አይደለም። አነስተኛ አየር መንገድ ያላቸው አገሮች ሰማያቸው ሲከፈት በአዲስ አበባ፣ በናይሮቢ ወይም በካይሮ ያሉ ትልልቅ አየር መንገዶች ገበያቸውን እንደሚውጡባቸው ይሰጋሉ። ይህን ስጋት መሠረት የለውም ብሎ ማለፍ ተገቢ አይሆንም። በሌላ በኩል በረራው ተገድቦ በመቆየቱ የተጠበቁት አየር መንገዶች አልፋፉም፤ ብዙዎቹ ጨርሰው ከገበያ ወጥተዋል፤ ወደ አፍሪካ የሚመጣውና ከአፍሪካ የሚወጣው አብዛኛው መንገደኛም በሌላ አህጉር አየር መንገዶች ተወስዷል። ስጋቱን ለማቃለል የሚረዳው የጋራ የውድድር ደንብና የመንገደኛ መብት ጥበቃ ከሰማዩ መከፈት ጋር እኩል መሄዱ ነው። ኢትዮጵያ በሎሜ፣ በሊሎንግዌና በሉሳካ የተከተለችው የሽርክና መንገድም ለዚሁ ስጋት የተሰጠ አንድ መልስ ነው፤ በሁሉም ቦታ እኩል ውጤት አስገኝቷል ማለት ግን አይቻልም።

መብቱ በአገራችን እንዴት ይገኛል

የአየር አገልግሎት ስምምነትን ተደራድሮ የሚያዘጋጀው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሲሆን፣ ሥራውን የሚያከናውነው በሲቪል አቪዬሽን አዋጅ መሠረት ነው። በተለመደው አካሄድ የሁለቱ አገሮች ልዑካን ተገናኝተው ረቂቁን በየአንቀጹ ይነጋገሩበታል፣ የደረሱበትን በመግባቢያ ሰነድ ያሰፍራሉ፤ ከዚያም ሥልጣን የተሰጣቸው ባለሥልጣናት ይፈርማሉ። ዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 በዱባይ የጀመረውና በየጊዜው በልዩ ልዩ አገሮች የሚካሄደው የድርድር መድረክ ሥራውን በእጅጉ አቅልሎታል፤ ቀድሞ ለእያንዳንዱ አገር የተለየ ጉዞ ይጠይቅ የነበረው ድርድር በአንድ ሳምንት ውስጥ ከብዙ አገሮች ጋር ሊካሄድ ይችላል። የ2018 መድረክ አስተናጋጅ ጎረቤታችን ናይሮቢ ነበረች።

የተፈረመው ስምምነት የአገር ሕግ የሚሆነው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 12 መሠረት ሲያጸድቀው ነው። የማጽደቂያ አዋጁ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል። በቺካጎው ስምምነት አንቀጽ 83 መሠረትም ስምምነቱ በዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ምክር ቤት መመዝገብ ይኖርበታል።

ወደ አንድ ከተማ በረራ እንዲጀመር የሚጠይቁ የንግድ ማኅበራት፣ የጉዞ ወኪሎችና በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጥያቄያቸውን ሲያቀርቡ ሁለት ነገሮችን ለይተው ቢያዩ ይጠቅማቸዋል። የመጀመሪያው መብቱ አለ ወይ የሚለው ነው፤ ይህ ለባለሥልጣኑ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው መብቱ ካለ ለምን በሥራ ላይ አልዋለም የሚለው ሲሆን መልሱ በአየር መንገዱ የአውሮፕላን አቅም፣ በማረፊያ ሰዓትና በገበያ ጥናት የሚወሰን ነው። መብቱ ኖሮ በረራ ያልተጀመረባቸው መሥመሮች እንዳሉ ሁሉ፣ መንገደኛውም አውሮፕላኑም ተዘጋጅቶ የሌላው አገር ፈቃድ የሚጠበቅባቸው መሥመሮች አሉ። ለሁለተኛዎቹ የማኅበራቱ የመንገደኛና የጭነት መረጃ በድርድሩ ጠረጴዛ ላይ ክብደት ስላለው በጽሑፍ ተዘጋጅቶ ቢቀርብ ልዑካኑ ይዘውት ሊቀርቡ ይችላሉ።